ተጠቃሚው ገና እየጻፈ ሳለ፦ በቫዲን የጽሑፍ ሳጥን ላይ የሚደረግ ቀጥታ ፍለጋ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው በቫዲን 24፣ ማለትም በጃቫ የድረ ገጽ መተግበሪያ በሚሠራበት መሣሪያ፣ የደንበኞች መዝገብ እየሠሩ ነው። ከሠንጠረዡ በላይ የስም መፈለጊያ ሳጥን አለ፤ ተጠቃሚው ፊደል በጨመረ ቁጥር ሠንጠረዡ እየተጣራ እንዲሄድ ይፈልጋሉ። መጀመሪያ «አድ ቫልዩ ቼንጅ ሊስነር» የተባለውን አድማጭ (ዋጋው ሲለወጥ የሚጠራ ኮድ) አስገቡ፤ ተጠቃሚው ኢንተር እስኪጫን ወይም ከሳጥኑ እስኪወጣ ድረስ ምንም አልሆነም። ቀጥለው «አድ ኪ ዳውን ሊስነር» የሚለውን የቁልፍ አድማጭ ሞከሩ፤ የሳጥኑን ዋጋ የሚያነበው «ጌት ቫልዩ» ባዶ መለሰላቸው። የሳጥኑን ሁነታ ለውጥን ሁሉ ወዲያው ወደሚልከው «ኢገር» ሲቀይሩት ዋጋው ሁልጊዜ በአንድ ፊደል ወደ ኋላ የቀረ ሆነ። በዚያ ላይ በአማርኛ ሲጻፍ ሠንጠረዡ ባዶ እየሆነ ይመለሳል፣ ጠቋሚው ወደ መጨረሻ ይዘላል፣ በስምና በአባት ስም መካከል ያለው ክፍተትም ይዋጣል። አድማጩ ውስጥ ትርፍ ክፍተትን አጥፍተው ዋጋውን በ«ሴት ቫልዩ» እንደሚመልሱም ገልጸዋል። «ስህተቱ የቫዲን ነው ወይስ የእኔ?» ይላሉ።

ቫዲን አልተሳሳተም። የገጠሙዎት ችግሮች ግን አንድ አይደሉም፤ የተለያዩ ምክንያቶች ተደራርበውብዎታል። ፊደል የሚውጠውን መጨረሻ ላይ እናየዋለን፤ መጀመሪያ የክስተቶቹን ቅደም ተከተል እናስተካክል።

ቫዲን ገጹን የሚያስተዳድረው ከሰርቨር ነው። ጃቫ ውስጥ የፈጠሩት የጽሑፍ ሳጥን ብራውዘሩ ላይ ከሚታየው ሳጥን ጋር አንድ ነገር አይደለም፤ ሰርቨሩ ላይ የተቀመጠ ምስሉ ነው። ተጠቃሚው ሲጽፍ የሚለወጠው ብራውዘሩ ላይ ያለው ሲሆን ሰርቨሩ ላይ ያለው ምስል የሚታደሰው በመካከላቸው መልእክት ሲተላለፍ ብቻ ነው። «ጌት ቫልዩ» የሚመልሰው መጨረሻ የተላለፈውን ዋጋ እንጂ በዚያች ቅጽበት ስክሪኑ ላይ ያለውን አይደለም። ባዶ የመለሰልዎት እስከዚያ ድረስ ምንም ዋጋ ስላልተላለፈ ነው።

መልእክቱ መቼ ይተላለፍ የሚለውን የሚወስነው የሳጥኑ «ቫልዩ ቼንጅ ሞድ» ነው። አምስት ሁነታዎች አሉት። «ኦን ቼንጅ» ነባሪው፣ ማለትም ካልቀየሩት የሚሠራው ነው፤ ብራውዘሩ «ቼንጅ» የሚለውን ክስተት ሲያወጣ፣ ማለትም ተጠቃሚው ኢንተር ሲጫን ወይም ለውጦ ሲወጣ ያስተላልፋል። «ኦን ብለር» ትኩረቱ ከሳጥኑ ሲነሳ ያስተላልፋል። «ኢገር» እያንዳንዱን ለውጥ ወዲያውኑ ይልካል። «ሌዚ» ተጠቃሚው መጻፉን ለአፍታ ሲያቆም ይልካል፤ የሚጠብቀው ጊዜ ካልቀየሩት 400 ሚሊሰከንድ ነው። «ታይምአውት» ደግሞ ተጠቃሚው ሳያቋርጥ ቢጽፍም በየተወሰነ ጊዜ ልዩነት ይልካል። የመጀመሪያው ሙከራዎ ዝም ያለው በነባሪው «ኦን ቼንጅ» ላይ ስለነበረ ነው።

የድሮ ምሳሌዎችን ሲያነቡ ይጠንቀቁ። በ2013 በወጣው ቫዲን 7 ለዚህ ሥራ «ቴክስት ቼንጅ ሊስነር» የሚባል የተለየ አድማጭ ነበረ፤ በመጻፍ ላይ ያለው ጽሑፍም ከሳጥኑ ሳይሆን ከራሱ ከክስተቱ በ«ጌት ቴክስት» ይወሰድ ነበር። በ2017 ቫዲን 8 ሁለቱን አዋሐዳቸው፤ ነባሪውንም «ሌዚ» አደረገው። በ2018 ከቫዲን 10 ጀምሮ ነባሪው «ኦን ቼንጅ» ሆነ። ለቫዲን 8 የተጻፈ ምሳሌ ያለ ምንም ቅንብር ቀጥታ ፍለጋ ይሠራል፤ ያንኑ የአድማጭ መስመር 24 ላይ ቢያስቀምጡት ዝም ይላል፣ የስህተት መልእክትም አያወጣም። ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው።

አሁን አንድ ፊደል ወደ ኋላ ስለቀረው ዋጋ። ተጠቃሚው ቁልፍ ሲጫን ብራውዘሩ መጀመሪያ «ኪ ዳውን» ያወጣል፤ ፊደሉ ሳጥኑ ውስጥ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቀጥሎ «ኢንፑት» ይመጣል፤ ጣቱ ሲነሳ «ኪ አፕ» ይከተላል። በ«ኪ ዳውን» አድማጭ ውስጥ ዋጋ ሲጠይቁ ፊደሉ ገና አልገባም። «ኢገር» ያደረጉት ሳጥን በታማኝነት የነገረዎት ከዚያ ቁልፍ በፊት የነበረውን ዋጋ ነው። ወደ «ኪ አፕ» ቢያዛውሩት የሚስተካከል ይመስላል፤ እባክዎ ያንን መንገድ አይከተሉ። ሰው በመዳፊት ሲለጥፍ፣ ብራውዘሩ የተቀመጠ ስም ራሱ ሲሞላ ወይም ስልኩ ድምፅን ወደ ጽሑፍ ሲቀይር የሚጫን ቁልፍ የለም። በአንድሮይድ ስልኮች ክሮም ላይ ደግሞ የስክሪን ኪቦርዱ ብዙ ጊዜ የሚልከው የቁልፍ ኮድ 229 ብቻ ነው፤ የትኛው ፊደል እንደተጫነ አይነግርም። የቁልፍ ክስተቶች ለኤስኬፕ፣ ለቀስቶችና ለአቋራጭ ቁልፎች ጥሩ ናቸው። ጽሑፍን ለመከታተል ግን ትክክለኛው የዋጋ ለውጥ ክስተት ነው። «አድ ኢንፑት ሊስነር» የሚባልም አለ፤ እሱም «አንድ ነገር ተጽፏል» ከማለት በቀር ዋጋ ይዞ አይመጣም።

ስለዚህ የቁልፍ አድማጩን አውጥተው ይጣሉት። «ሴት ቫልዩ ቼንጅ ሞድ»ን «ሌዚ» ያድርጉት፤ በ«ሴት ቫልዩ ቼንጅ ታይምአውት» የሚጠብቀውን ጊዜ ይስጡት፤ ማጣራቱን በዋጋ ለውጥ አድማጩ ውስጥ ያካሂዱ። ዋጋውንም ከራሱ ከክስተቱ ይውሰዱ። ሳጥኑን በኮድ ባዶ የሚያደርግ «አጽዳ» የሚል አዝራር ካለዎት «ኢዝ ፍሮም ክላየንት»ን ይጠቀሙ፤ ለውጡ ከተጠቃሚው እጅ መምጣቱን ወይም እርስዎ በኮድ ያደረጉት መሆኑን ይነግርዎታል።

«ኢገር»ን ለምን አልመርጥም? መዘግየትን ስለፈራሁ ብቻ አይደለም። ቫዲን ከአንድ ገጽ በአንድ ጊዜ የሚልከው አንድ ጥያቄ ነው፤ ሰርቨሩም የአንድን ተጠቃሚ ጥያቄዎች ክፍለ ጊዜውን (ሰሽኑን) ቆልፎ በተራ ያስተናግዳል። የመጀመሪያው ፊደል ያስነሳው የዳታቤዝ ፍለጋ አንድ ሰከንድ ቢፈጅ፣ በዚያ ሰከንድ ውስጥ የተጻፉት ፊደላት ሁሉ ከኋላው ይሰለፋሉ። ከዚያም ሰርቨሩ ማንም የማይፈልጋቸውን የመሃል ውጤቶች አንድ በአንድ ይሠራል። ተጠቃሚው በስልክ መረብ ላይ ከሆነና ሰርቨሩ በሌላ አህጉር ካለ ሰልፉ ይበልጥ ይረዝማል። «ኢገር» የሚገባው ሰርቨሩ ላይ የሚሠራው ሥራ ኢምንት ሲሆን ነው፤ ለምሳሌ ቀሪ የፊደል ብዛት ለማሳየት። ለዚያም ቢሆን ብራውዘሩ ላይ የሚሠራ አጭር ጃቫስክሪፕት ይሻላል።

ከዚህ በኋላ ያለው የአማርኛ ጉዳይ ነው፤ በእንግሊዝኛ የተጻፉት መመሪያዎች ስለማይነኩት ሰፋ አድርጌ አየዋለሁ።

በድምፅ አጻጻፍ የሚሠሩት ኪቦርዶች አንድን ፊደል ብዙውን ጊዜ በሁለት ቁልፍ ይሠሩታል። መጀመሪያ ተነባቢው በሳድስ ይገባል፤ አናባቢው ሲጫን ሳድሱ ወደሚፈለገው ፊደል ይለወጣል። አንድ ሰው «ተስፋዬ» ብሎ ሲጽፍ ሳጥኑ የሚያልፍባቸው መልኮች እነዚህ ናቸው፦ ት፣ ተ፣ ተስ፣ ተስፍ፣ ተስፋ፣ ተስፋይ፣ ተስፋዬ። አራት ፊደል ለመጻፍ ሰባት ለውጥ ተደርጓል። ከሰባቱ መካከል «ት»፣ «ተስፍ» እና «ተስፋይ» ሰውየው ሊጽፋቸው ያላሰባቸው መሸጋገሪያዎች ናቸው። «ኢገር» ግን ሦስቱንም ወደ ዳታቤዙ ይልካቸዋል። በ«ት» የሚጀምሩ ደንበኞች ሲፈለጉ ተስፋዬ የለበትም፤ «ተ» ሲሆን ይመጣል፤ «ተስፍ» ላይ እንደገና ይጠፋል፤ «ተስፋ» ላይ ይመለሳል። ሠንጠረዡ ባዶ እየሆነ የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። ለእንግሊዝኛ ተጠቃሚ ውጤቱ ፊደል በተጨመረ ቁጥር እየጠበበ ብቻ ይሄዳል፤ ለአማርኛ ተጠቃሚ ግን ይጠፋና ይመለሳል። ዝግተኛ ሰው ሲሆንማ ስሙ መዝገቡ ውስጥ የለም ብሎ አዲስ ደንበኛ ሊመዘግብ ይችላል።

«ሌዚ» አብዛኛውን ይፈታዋል፤ ፈጣን ጸሐፊ በተነባቢውና በአናባቢው መካከል 400 ሚሊሰከንድ አይቆምም። በአንድ ጣት እየፈለገ የሚጽፍ ሰው ግን ይቆማል። ለእንደነዚህ ያሉ ተጠቃሚዎች ጊዜውን ወደ 600 ማሳደግ ይረዳል። ከዚያ በላይ ሲሄድ ፍለጋው የደነዘዘ ይመስላል።

እኔ የምመርጠው መፍትሔ ግን ጥበቃውን ከማራዘም ይልቅ ፍለጋውን ሳድስ የሚያውቅ ማድረግ ነው። ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ የኢትዮጵያ ፊደል ዋና ክፍል በስምንት በስምንት የተደረደረ ነው፤ የእያንዳንዱ ተነባቢ ግዕዝ የሚቀመጠው ለስምንት በሚካፈል ቁጥር ላይ ሲሆን ሳድሱ ከግዕዙ አምስት እርከን አልፎ ይገኛል። ስለዚህ የመጨረሻውን ፊደል ኮድ ለስምንት ሲያካፍሉት ቀሪው 5 ከሆነ ፊደሉ ሳድስ ነው። ያኔ ፍለጋው በዚያ ፊደል ብቻ ሳይሆን በቤተሰቡ በሙሉ እንዲሆን ያድርጉ። «ተስፍ» ሲመጣ ከ«ተስፈ» ጀምሮ «ተስፐ» ላይ ሳይደርስ ያለውን ሁሉ ይጠይቁ፤ ፐ ከፈ ቤተሰብ ቀጥሎ የሚመጣው የመጀመሪያው ፊደል ነው። በዚህ መንገድ ተስፋዬ «ተስፍ» ላይም አይጠፋም። ሰውየው በእርግጥ በሳድስ የሚያልቅ ነገር ፈልጎ ከሆነ ውጤቱ ትንሽ ሰፍቶ ይታየዋል፤ ይህ ጉዳት የለውም። ጃቫ እያንዳንዱን ፊደል እንደ አንድ «ቻር» ስለሚይዘው ስሌቱ ሁለት መስመር ብቻ ነው።

ይህ ከዚህ እስከዚያ የሚል ፍለጋ ዳታቤዙ የዩኒኮድን ቅደም ተከተል ጠብቆ ካልደረደረ የተሳሳተ ውጤት ይሰጣል። ፖስትግሬስኪውኤል የተባለውን ዳታቤዝ የሚጠቀሙ ከሆነ የመፈለጊያው ዓምድ የአደራደር ደንብ «ሲ» የተባለው መሆን አለበት፤ በዩቲኤፍ 8 የተቀመጠ ጽሑፍ በዚህ ደንብ በኮዱ ቅደም ተከተል ይደረደራል፣ ኢንዴክሱም (ፍለጋን የሚያፋጥነው ማውጫ) ይሠራል። ፊትም ኋላም ክፍት በሆነ፣ ቃሉን በጽሑፉ መሃል ጭምር በሚፈልገው የ«ላይክ» ፍለጋ ግን ተራ ኢንዴክስ አይጠቅምም፤ በእያንዳንዱ የጽሑፍ ለውጥ ሠንጠረዡ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይነበባል።

ዓምዱን ካነሳን አይቀር፣ የስሙ ዓምድና የመፈለጊያው ዓምድ አንድ መሆን የለባቸውም። ኃይሉ የሚባለው ደንበኛ ሀይሉ፣ ሃይሉ፣ ሐይሉ ተብሎ ሊፈለግ ይችላል፤ ፀሐይም ጸሀይ ተብላ ትፈለጋለች። የጃቫው «ኖርማላይዘር» እነዚህን አያዋሕዳቸውም፤ ለዩኒኮድ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን ወደ አንድ የሚመልስ አጭር ዘዴ ይጻፉ። ስሙ ሲመዘገብ በዚህ ዘዴ ያለፈውን ቅጂ ለብቻው ያስቀምጡ፤ ተጠቃሚው የጻፈውንም ከመፈለግዎ በፊት በዚሁ ያሳልፉት። የደንበኛው ስም ራሱ እንዳጻፈው ሳይነካ ይቀመጥ።

ሌላው ከላቲን የተወረሰ ልማድ «ቢያንስ ሦስት ፊደል ካልተጻፈ አትፈልግ» የሚለው ነው። በእኛ ፊደል ሦስት ምልክት ብዙ ነገር ይይዛል፤ አበበ ሦስት ፊደል ነው፣ ሄኖክ ሦስት ነው፣ ሊያ ደግሞ ሁለት ብቻ ናት። ያንን ገደብ ያደረገ መዝገብ ሊያን በጭራሽ አያገኛትም። ሁለት ይበቃል፤ ኢንዴክሱ ደህና ከሆነ አንድም ይበቃል።

አሁን ፊደል ወደሚውጠውና ጠቋሚ ወደሚያዘልለው ነገር እንምጣ። ይህ የመጣው አድማጩ ውስጥ ዋጋውን በ«ሴት ቫልዩ» ወደ ሳጥኑ መልሰው በማስገባትዎ ነው። ተጠቃሚው «አበበ» ብሎ ክፍተት ሲጨምር «ኢገር» ክፍተቱን ይዞ ወደ ሰርቨሩ ይሄዳል፤ ኮድዎ መጨረሻ ላይ ያለ ትርፍ ክፍተት ነው ብሎ ያጠፋውና «አበበ»ን ይመልሳል። በዚህ መሃል ተጠቃሚው የአባቱን ስም መጻፍ ጀምሯል። ከሰርቨሩ የመጣው አሮጌ ዋጋ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ይተካዋል፤ ጠቋሚው መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፤ «አበበ ከበደ» ሊል የነበረው ሰው «አበበከበደ» ወይም ከዚያ የባሰ ነገር ያገኛል። ደብዳቤ እየጻፈ ካለ ሰው እጅ ብዕሩን እንደ መንጠቅ ነው። ሰው እየጻፈ ሳለ ሳጥኑ የእሱ ነው፤ ሰርቨሩ ያንብብ እንጂ አይጻፍበት። ክፍተቱን ማጥፋት ካስፈለገዎት ለፍለጋ በሚወስዱት ቅጂ ላይ ያጥፉት።

በአማርኛ ጉዳቱ የሚብሰው አንዳንድ ኪቦርዶች ፊደሉን በመገንባት ላይ እያሉ ጽሑፉን ጊዜያዊ አድርገው ስለሚይዙት ነው። በዚያች ቅጽበት የሳጥኑ ዋጋ ከውጭ ከተቀየረ ግንባታው ይቋረጣል፤ አናባቢው የሚለውጠውን ሳድስ ያጣና ለብቻው ይገባል። ብራውዘሩ ይህን የግንባታ ጊዜ «ኢዝ ኮምፖዚንግ» በሚል ምልክት ያሳውቃል። በጥብቅ መቆጣጠር ከፈለጉ በ«ጌት ኤለመንት» የሳጥኑን የገጽ አካል ወስደው ለ«ኢንፑት» ክስተት የራስዎን አድማጭ ማስገባት፣ ምልክቱ የበራበትን በ«ሴት ፊልተር» ማስቀረትና በ«ዲባውንስ» ማዘግየት ይችላሉ። ነገር ግን ክሮም የመጨረሻውን «ኢንፑት» የሚልከው ግንባታው ከመዘጋቱ በፊት፣ ምልክቱ እንደበራ ነው፤ ስለዚህ «ኮምፖዚሽን ኤንድ» የሚለውንም ክስተት ካላደመጡ የመጨረሻው ፊደል ያመልጥዎታል። በዚያ ላይ ሁሉም ኪቦርድ በዚህ መንገድ አይሠራም፤ አሮጌውን ፊደል ሰርዘው አዲሱን የሚያስገቡ አሉ፤ እነሱ ምልክቱን አያበሩም። «ሌዚ»ና ሳድስ የሚያውቅ ፍለጋ ለሁለቱም ዓይነት ስለሚበቁ እኔ ወደዚህ ጥልቀት የምወርደው ሌላ መንገድ ሲታጣ ብቻ ነው።

ፊደል መከልከል ከፈለጉ፣ ለምሳሌ የስልክ ቁጥር ሳጥን ላይ፣ ሰርቨሩ ላይ አጣርቶ ከመመለስ ይልቅ «ሴት አላውድ ቻር ፓተርን» አለ፤ ያልተፈቀደውን ብራውዘሩ ላይ ገና ሳይገባ ይመልሰዋል። በ«ባይንደር» (ሳጥኖችን ከመረጃው ጋር አያይዞ ትክክለኛነታቸውን በሚፈትሸው) የታሰሩትን የቅጽ ሳጥኖች ደግሞ «ኦን ቼንጅ» ላይ ይተዉዋቸው፤ ሰው ኢሜይሉን ጽፎ ሳይጨርስ በቀይ ጽሑፍ መወቀስ የለበትም።

ሠንጠረዡን በተመለከተ አድማጩ ውስጥ ዝርዝሩን ሁሉ አምጥተው በ«ሴት አይተምስ» አይተኩት። ገጹ ሲሠራ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከየት ጀምሮ ስንት ረድፍ እንደሚያመጣ የሚጠየቅ ዘዴ ይስጡት፤ ዘዴው የማጣሪያውን ቃል ከሳጥኑ ያንብብ፤ አድማጩ ሠንጠረዡ ውሂቡን እንደገና እንዲጠይቅ የሚያደርገውን «ሪፍሬሽ ኦል» ብቻ ይጥራ። ሠንጠረዡ በነባሪው 50 በ50 ረድፍ ስለሚጠይቅ መዝገቡ መቶ ሺህ ቢሆንም የሚጓዘው ጥቂት ነው።

ፍለጋው በተፈጥሮው ከባድ ሆኖ በሌላ ክር (ጎን ለጎን በሚሄድ ሥራ) ላይ ማስኬድ ከፈለጉ፣ ሰርቨሩ ሳይጠየቅ ወደ ብራውዘሩ እንዲልክ የሚያስችለውን «ፑሽ»ን ያብሩና ውጤቱን በ«ዩአይ አክሰስ» ወደ ገጹ ያስገቡ። ያኔ ግን ክፍለ ጊዜው ይጠብቅልዎ የነበረውን ተራ ያጣሉ፤ «ተ»ን የፈለገው ክር ከ«ተስፋዬ»ው በኋላ ሊጨርስና ትክክለኛውን ውጤት ሊሸፍነው ይችላል። ለእያንዳንዱ ፍለጋ እየጨመረ የሚሄድ ቁጥር ይስጡት፤ ውጤቱ ሲመለስ ቁጥሩ የመጨረሻው ካልሆነ ይጣሉት።

ሲጨርሱ የብራውዘሩን የገንቢ መሣሪያ ከፍተው መረቡን ዝግተኛ ያድርጉትና በአማርኛ ኪቦርድ «ተስፋዬ ኃይሉ» ብለው ይጻፉ። በመረብ ዝርዝሩ ላይ ዩአይዲኤል የሚል ስም ያላቸውን፣ ቫዲን ወደ ሰርቨሩ የሚልካቸውን ጥያቄዎች ይቁጠሩ፤ ሳያቋርጡ ከጻፉ ሁለት ወይም ሦስት እንጂ ለየቁልፉ አንድ መሆን የለባቸውም። ክፍተቱ በቦታው መኖሩን፣ ጠቋሚው አለመዝለሉን ይዩ። ከዚያ ስሙን መሃል ገብተው ያርሙት፤ ያንኑ በአንድሮይድ ስልክ ይድገሙት፤ በመጨረሻም ስሙን ከሌላ ቦታ ቀድተው በመዳፊት ይለጥፉት። በአራቱም ተስፋዬ ከመጣ ሥራው አልቋል።